የሽብር ወጪ ገሱባ ድረስ እንዴት ይደርሳል?

ሽብርተኝነት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሞቃዲሾ ወይም ወደ ናይሮቢ ይሄዳል፤ ራቅ ካለም ወደ ኒውዮርክ። በወላይታ ዞን፣ በኦፋ ወረዳ የምትገኘውን ገሱባን ከጉዳዩ ጋር የሚያነሳት የለም። ይሁን እንጂ በከተማዋ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲ የሚራገፍ ነው። ከወላይታ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ የገባ ወጣት ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክበት የባንክ መስመር የሽብር ገንዘብን ለመግታት በወጡ ደንቦች የታጠረ ነው። ከዞኑ ዋና ከተማ ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አርባ ምንጭ ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ያህል ከሲቪሉ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ለሶማሊያው ዘመቻ ቅኝት ሲያደርጉ ቆይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ሽብርተኝነት ግሎባላይዜሽንን ይገድለዋል የሚል ትንበያ ደጋግሞ ተሰምቷል። አልገደለውም። ከ1994ቱ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላም የዓለም ንግድ አድጓል፤ የአውሮፕላን ተሳፋሪ ቁጥር ጨምሯል፤ ገንዘብም ከአህጉር አህጉር መፍሰሱን አላቋረጠም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ዓለም ለሁሉም እኩል ባይሆንም ከሞላ ጎደል ክፍት የነበረውን በር ማንነቱንና ምንጩን በወረቀት ማስረዳት ለሚችል ብቻ የሚከፈት አደረገችው። ወረቀት ያለው ኩባንያና ባለጸጋ ትንሽ ተጉላልቶ ያልፋል። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ፣ መቶ ዶላር የሚልክ ስደተኛ፣ የራሱ ወደብ የሌለው አገር ግን ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከአዲስ አበባ መነሳት ይበጃል።

ከቦሌ መንገድ የተነሳ ሰንሰለት

ሰኔ 19 ቀን 1987 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ ወደ ከተማ ሲጓዙ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው አተረፋቸው፤ ወዲያውኑም ወደ ካይሮ ተመለሱ። ጥቃቱን ያቀነባበረው የግብፁ ጀማዓ አል ኢስላሚያ ነበር። ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ተሸሽገዋል ሲል የኢትዮጵያ መንግሥት ከሰሰ፤ ጉዳዩም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በጥር 1988 በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ ጠየቀ፤ በሚያዝያ ደግሞ በውሳኔ 1054 ዲፕሎማሲያዊ ማዕቀብ ጣለ።

ካርቱም ጫናው ሲበዛባት እንግዶቿን ማሰናበት ጀመረች። ከእነዚህ አንዱ በግንቦት 1988 ወደ አፍጋኒስታን የበረረው ኦሳማ ቢን ላደን ነው። በነሐሴ 1990 በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በአንድ ቀን በተፈጸመው የቦምብ ጥቃት 224 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ፤ የቀሩት ከሞላ ጎደል ኬንያውያንና ታንዛኒያውያን ናቸው። ከዚያ የ1994 የእንቁጣጣሽ ዕለት መጣ፤ ኢትዮጵያውያን አዲስ ዓመት በሚያከብሩበት ቀን ኒውዮርክና ዋሽንግተን ተመቱ፤ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ።

ማዕቀቡ ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በገዛ ዋና ከተማዋ የተፈጸመን ጥቃት በዝምታ ማለፍ አትችልም ነበር። በዚያው 1988 ዓ.ም. አል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ የተባለው የሶማሊያ ቡድን በአዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ፈንጂ አፈንድቷል፤ ሚኒስትሩ አብዱልመጅድ ሁሴንም ተተኩሶባቸው ቆስለው ተርፈዋል። ሰንሰለቱ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ አንድ አገር ላይ የበረታ ጫና ቡድኑን ከማጥፋት ይልቅ መንግሥት ወደ ላላበት ምድር ይገፋዋል። ግሎባላይዜሽን ደግሞ ይህን ግፊያ ያቀልለታል። ሰው፣ ገንዘብና መልእክት ድንበር በሚሻገሩበት ዘመን ከካርቱም የተባረረ ሰው ከአፍጋኒስታን ሆኖ ናይሮቢን ሊመታ ይችላል።

የባሕሩ ግብር

ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ጅቡቲ ያለችው ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው። ከሞሮኮ የሚገዛው የፎስፌት ማዳበሪያ በሜዲትራኒያን፣ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር አድርጎ ይህን ጠባብ መተላለፊያ ሳያልፍ ወደቡ አይደርስም።

ከኅዳር 2016 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን መምታትና መያዝ ጀመሩ። ሁቲዎች አሸባሪ ናቸው ወይስ የእርስ በርስ ጦርነት ተዋጊ የሚለው ራሱ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል፤ አሜሪካ መዝግባ፣ ሰርዛ፣ እንደገና መዝግባቸዋለች። ለመርከብ ባለቤት ግን ክርክሩ ትርጉም የለውም። የሚያየው የኢንሹራንስ ደረሰኙን ነው። ከጥቃቱ በፊት ከቁጥር የማይገባ የነበረው የጦርነት አደጋ መድን ክፍያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለአንድ ጉዞ ወደ መርከቧ ዋጋ 1 በመቶ ገደማ አሻቀበ። መቶ ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መርከብ ለአንድ ጊዜ ማለፊያ አንድ ሚሊዮን ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው። ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድን መረጡ፤ ይህም ከአሥር ቀን በላይ ጉዞና የዚያን ያህል ነዳጅ ይጨምራል። በየካቲት 2016 ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ጭና ተመትታ ሰጠመች። የጫነችው ከአሞኒየም፣ ከፎስፌትና ከሰልፈር የተቀመመ ማዳበሪያ ነበር፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ኤን ፒ ኤስ ብሎ የሚያውቀው ዓይነት።

የማዳበሪያን ዋጋ በኢትዮጵያ ያናሩት እነዚህ ጥቃቶች ብቻ ናቸው ማለት ውሸት ይሆናል። ከዚያ በፊት የዩክሬን ጦርነት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለውጥ የበለጠ ክብደት አላቸው። የባሕሩ ግብር ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ማንም ፓርላማ ሳያጸድቀው ይጣላል፣ ተኩሱ ሲቆምም ቶሎ አይነሳም። መድን ሰጪ ኩባንያ አደጋው ማለፉን እስኪያምን ወራት ይፈጃል። በመካከሉ የዘር ወቅት አይጠብቅም።

ገንዘቡ የጠፋበት ቦታ

የሽብር ተጽዕኖ ከሁሉ ጠልቆ የገባው በገንዘብ ዝውውር ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይኸንኑ ነው።

ከ1994ቱ ጥቃት በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ አሜሪካ አልበረካት የተባለውን ትልቁን የሶማሊያ የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት ዘጋች። ከዓመታት በኋላ የጥቃቱ አጣሪ ኮሚሽን ባልደረቦች ባወጡት ጥናት ድርጅቱ አልቃይዳን በገንዘብ ይረዳል የተባለውን የሚያጸና ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጹ። ድርጅቱ ግን ያኔ ፈርሷል። ትምህርቱ ለባንኮች ግልጽ ነበር፦ ከድሃና ከግጭት አገር ደንበኛ ጋር መሥራት አደጋ አለው።

ከዚያ ቅጣቱ መጣ። በታኅሣሥ 2005 ኤችኤስቢሲ በሕገ ወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ጉድለት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት የብሪታንያው ባርክሌይስ ዳሃብሺልን ጨምሮ የብዙ ሐዋላ ድርጅቶችን ሂሳብ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ2007 ደግሞ ለሶማሌ ሐዋላዎች ዋነኛ በር የነበረው የካሊፎርኒያው መርቻንትስ ባንክ በሩን ዘጋ። እነዚህ ባንኮች ሶማሌዎችን ጠልተው አይደለም። ሂሳቡ ቀላል ነው። መቶ ሺህ ዶላር የሚልክን ደንበኛ ለማጣራት የሚወጣው ወጪ መቶ ዶላር የሚልከውን ለማጣራት ከሚወጣው ብዙም አይለይም። ከመቶ ዶላሩ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ከስህተቱ ሊመጣ የሚችለው ቅጣት ግን በመቶ ሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ ትንሹ ደንበኛ ይባረራል።

የዚህ ሥርዓት የበላይ ጠባቂ መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል ነው፤ በአጭር ስሙ ፋትፍ። ሠራዊት የለውም፤ ሕግም አያወጣም። ያለው ስም የሚጻፍበት ዝርዝር ነው። ቁጥጥሯ ደካማ ነው ያላትን አገር በዚያ ሲያሰፍር የውጭ ባንኮች በአገሪቱ ባንኮች ላይ ጥያቄ ያበዛሉ፣ ክፍያ ይዘገያል፣ አንዳንዱም ግንኙነቱን ያቋርጣል። ኢትዮጵያ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 በዚህ ዝርዝር ነበረች። ለመውጣት የፋይናንስ መረጃ መሥሪያ ቤቷን ማጠናከር፣ ሕገ ወጥ ገንዘብንና የሽብር ገንዘብን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 780/2005 በሥራ ላይ ማዋል፣ የባንኮችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ቁጥጥር ማጥበቅ ነበረባት።

የወላይታን ቤተሰብ በቀጥታ የሚነካው ግን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። በየካቲት 2014 የአሜሪካ ግምጃ ቤት በደቡብ አፍሪካ ተቀምጠው ለእስላማዊ መንግሥት ቡድን በተለይም ለሞዛምቢክ ቅርንጫፉ ገንዘብ ያመቻቻሉ ባላቸው ሰዎች ላይ ማዕቀብ ጣለ። ዓመት ቆይቶ በየካቲት 2015 ፋትፍ ደቡብ አፍሪካን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ፤ ከጉድለቶቹ አንዱ የሽብር ገንዘብን አለመከታተል ነበር። እስከ ጥቅምት 2018 ድረስ አልወጣችም።

አሁን በጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ወይም በአንድ የገጠር ከተማ ሱቅ የሚሠራን የወላይታ ወጣት እናስብ። የጥገኝነት ወረቀቱ አልታደሰም፤ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፏል ወይም ከመነሻውም የለውም። የአገሪቱ የፋይናንስ መረጃ ሕግ ባንክ የደንበኛውን ማንነት እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ወጣቱ ቢያልፍ እንኳ ዓለም ባንክ ከቡድን 20 አገሮች ሁሉ ገንዘብ ለመላክ ውድ ናት ካላት አገር ነው የሚልከው። የተባበሩት መንግሥታት በዘላቂ ልማት ግቦቹ እንዲደረስበት ያስቀመጠው ጣሪያ 3 በመቶ ነው፤ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች አማካዩ 8 በመቶ አካባቢ ነው።

ስለዚህ ራንዱን ለሚያውቀው ነጋዴ ይሰጣል፤ ነጋዴው ስልክ ይደውላል፤ ሶዶ ላይ ወኪሉ ብር ይቆጥራል። ድንበር የተሻገረ ገንዘብ የለም፤ የተመዘገበም የለም። ሽብርን ለማየት የተበራው መብራት ሚሊዮን ንጹሐንን ወደ ጨለማው ገፋቸው፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ የደላላውም፣ የኮንትሮባንዲስቱም፣ የታጣቂውም ገንዘብ ከእነሱ ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ወጣቱን ወደ ሕገ ወጡ መስመር የሳበው ዋናው ነገር ለዓመታት በባንክና በጥቁር ገበያ ምንዛሪ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ልዩነቱም ጠበበ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የሚታየው ነገር አስተማሪ ይሆናል። የምንዛሪው ማባበያ ቀንሶም ወጣቱ ወደ ባንክ ካልመጣ፣ የቀረው እንቅፋት ወረቀቱና ክፍያው ነው ማለት ነው።

የተቆለፈ በርና የተዘጋ መንገድ

የጥበቃ እርምጃ ሁሉ ዋጋ አለው። ከአሜሪካው ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይት እንዳይበሳውና ከውስጥ እንዲቆለፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተደነገገ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ይሁንና የካቲት 10 ቀን 2006 ወደ ሮም የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 702 በረራ ዋና አብራሪ ወደ መጸዳጃ ሲወጣ ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈው። 202 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ ሁሉም በሰላም ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ በዚያው መንገድ በሩን ቆልፎ 150 ሰዎችን ከተራራ ጋር አላተመ። ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚያቆም በር ከውስጥ ያለውን አያቆምም።

በየብስ ያለው ልውውጥ የከፋ ነው። መስከረም 11 ቀን 2006 የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አልሸባብ በናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ገደለ፤ መጋቢት 24 ቀን 2007 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148። ኬንያ ከዌስትጌት በኋላ የመለሰችው በጅምላ አፈሳ ነበር፤ በሚያዝያ 2006 ኢስሊ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተይዘዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወርደው የወላይታ፣ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች መንገድ በዚሁ ኬንያ ያልፋል። ኬላ ሲጠብቅ ወጣቱ አልቀረም፤ የደላላው ዋጋ ነው የጨመረው። ከአውቶቡስ ወንበር ወረደና የጭነት መኪና ውስጥ ገባ። መጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በተያዘ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። ለዚህ ተጠያቂው የሰው ነጋዴው ነው። ነገር ግን ነጋዴውን ባለጸጋ ያደረገው የተዘጋው መንገድ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በሰሜን በኩል የሄዱት ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 የእስላማዊ መንግሥት ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አገሪቱ ሦስት ቀን በብሔራዊ ሐዘን ዋለች። ሟቾቹ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ። ሕጋዊ መንገድ የሌለው ሰው መንግሥት በሌለበት ምድር ማለፉ አይቀርም፤ ያንን ምድር የያዙት ደግሞ ታጣቂዎች ናቸው።

የወታደሩ ደመወዝ፣ የሕጉ ስለት

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1999 ሶማሊያ ገብታ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትን በቀናት ውስጥ ከሞቃዲሾ አስወጣች። ድሉ ፈጣን ነበር፤ ያስከተለው ግን ረጅም ነው። ከኅብረቱ ፍርስራሽ የወጣው አልሸባብ የውጭ ጦርን መዋጋት በሚል ወጣቶችን አሰባሰበ፤ ሐምሌ 4 ቀን 2002 በካምፓላ ከ70 በላይ ሰዎች ሲገድል ከመታቸው ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። በጥቅምት 2006 ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር በተጫወተችበት ቀን ቦሌ አካባቢ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ፈንጂ ቤት ውስጥ ፈንድቶ ራሳቸውን ገደላቸው። ስታዲየም ቢደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በጥር 2006 ኢትዮጵያ 4,395 ወታደሮች ይዛ የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮን ተቀላቀለች። ደመወዙን በብዛት ይከፍል የነበረው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ በ2008 ድጎማውን በአምስተኛ ቀነሰ። ያን ጊዜ የተጀመረው ችግር እስካሁን አልተፈታም። የተልእኮው ስም ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ግን አልተገኘለትም። በውሳኔ 2719 የተባበሩት መንግሥታት ከወጪው እስከ 75 በመቶ ሊሸፍን ይችላል ቢባልም አሜሪካ ለሶማሊያ እንዲሠራበት አልፈለገችም። የዓለም አቀፍ ጸጥታ ሥራ ክፍፍል ይህን ይመስላል፤ ሀብታሙ ሲመቸው ይከፍላል፣ ጎረቤቱ ግን ሲመቸውም ሳይመቸውም ይሞታል። ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ወጥታ የትም ልትርቅ አትችልም። በሐምሌ 2014 የሰሜኑ ጦርነት ገና ሳያበቃ አልሸባብ በብዛት ሆኖ ወደ ሶማሌ ክልል ገብቶ ነበር።

በአገር ውስጥም ሕጉ ሁለት ስለት አለው። በዓለም አቀፉ ዘመቻ መንፈስ የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ፈንጂ አጥማጅን ብቻ ሳይሆን ጋዜጠኛና ጦማሪንም አሰረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2010 እስረኞች ላይ ይፈጸም የነበረውን ስቃይ ጠቅሰው መንግሥት ራሱ የሽብር ድርጊት መፈጸሙን ለፓርላማ ተናገሩ። አዋጁ በ2012 በአዋጅ 1176 ተተካ። ፓርላማው በሚያዝያ 2013 ሕወሓትን በአሸባሪነት ፈርጆ በመጋቢት 2015 ፍረጃውን አነሳ። የፖለቲካ ድርድር የሚያስገባውና የሚያስወጣው ስም የእውነተኛውን አደጋ ክብደት ያቀልላል፤ ዜጋውም ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ማመን ያቅተዋል።

ወዴት እያመራ ነው?

ሦስት አቅጣጫዎች ይታያሉ። አንደኛው ተስፋ ያለው ነው። ፋትፍ ራሱ በ2017 ደንቡን አሻሽሎ ቁጥጥር ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን፣ ትንንሽ ዝውውሮችም ቀለል ባለ መንገድ እንዲስተናገዱ አበረታቷል። ደቡብ አፍሪካ ከዝርዝሩ ወጥታለች። በኢትዮጵያ የፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ነው፤ ለገሱባ ተቀባይ ሂሳብ መክፈት ያቀልላል፤ የላኪውን የጆሃንስበርግ ችግር ግን አይፈታም። ለዚያ ኤምባሲው ፓስፖርት በቶሎና በርካሽ ማደስ፣ ሁለቱ መንግሥታትም ስለ ሠራተኞች መነጋገር ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው አስጊ ነው። በሶማሊያዋ ፑንትላንድ ተራሮች የመሸገው የእስላማዊ መንግሥት ቅርንጫፍ ኢትዮጵያውያንን እየመለመለ ነው። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት በሐምሌ 2017 ከዚህ ቡድን ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸውን 82 ተጠርጣሪዎች መያዙን አስታውቋል። በፑንትላንዱ ወደብ በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የሚሻገር ገንዘብ የጨረሰ ስደተኛ ለመልማይ ቀላል ዒላማ ነው። አልሸባብም በሚያዝያ 2017 የሶማሊያዋን ከተማ አዳን ያባልን መልሶ ይዟል፤ የአፍሪካ ኅብረት ጦር ያለ ገንዘብ ከቀጠለ ክፍተቱ ይሰፋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይበልጥ ሊሆን የሚችለውም፣ ጥቃት በአንድ ቦታ ሲቀንስ በሌላው እየተነሳ ደንቡ ግን ባለበት የሚቀጥልበት ነው። ለአደጋ ጊዜ የወጣ ቁጥጥር ራሱን ችሎ የሚኖር መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛና ገበያ ይፈጥራል፤ አደጋው ሲያልፍም የሚያነሳው ባለቤት የለውም። ባንኮች ከዝርዝር የወጣችን አገር ለማመን ዓመታት ይወስድባቸዋል፤ ኬላም አንዴ ከቆመ በኋላ የገቢ ምንጭ ይሆናል።

የትኛው እንደሚያሸንፍ ከጉባኤ መግለጫ ይልቅ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ ሁለት መቶ ዶላር ለመላክ የሚጠየቀው ክፍያ ያሳያል። ክፍያው ከቀነሰና ወረቀቱ ያልተሟላ ሠራተኛም በተወሰነ መጠን እንዲልክ ከተፈቀደለት ገንዘቡ ወደሚታይበት መስመር መመለስ ይጀምራል፤ የጸጥታ ሰዎችም ብዙኃኑ ከመንገዳቸው ወጥቶላቸው የሚፈልጉትን ጥቂት ሰው ለመለየት ይቀላቸዋል። ካልቀነሰ የሶዶው ወኪል ሥራውን ይቀጥላል፤ ገንዘቡም ከፋትፍ ዕይታ ውጭ ሆኖ ይቀራል።